የጀልባ ሞተር፦ በዕድሜው ወይስ በጤናው?

በዚህ ዓምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አሮጌ ብረት ልጽፍ ነው፤ ጣና ዳር ስለሚሸጠውና ስለሚገዛው ያገለገለ የጀልባ ሞተር። እንዲህ ያለ ሞተር ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ዳኞች ይነሣሉ። አንደኛው «ገመዱን ስበህ ከተነሣ በቃ ሞተር ነው፣ ግዛው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ብቻ ጠይቆ «ኧረ ይኼማ ያረጀ ነው፣ ገንዘብህን ውኃ እንዳይበላው» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ሞተሩን አላዩትም። የመጀመሪያው ድምፁን ሰማ፣ ሁለተኛው ዕድሜውን ቆጠረ፤ ጤናውን የለካ ግን የለም።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ሐይቁን ያስብ። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የአካባቢው ሰው ለዘመናት የተጓዘበትና ዓሣ ያጠመደበት በደንገል ታንኳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጡና አጥማጁ ከዳር ርቆ መሄድ ቻለ። የታንኳው ሰው ሞተሩ ክንዱ ነው፤ ቢደክመው ያርፋል እንጂ ክንዱ ቀጥ አይልበትም። ባለ ሞተሩ ግን ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሞተሩ ከጠፋ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። መኪና ሲበላሽ ገፍተን መንገድ ዳር እናቆመዋለን፤ ሐይቅ ላይ መንገድ ዳር የለም። ስለዚህ «ይህ ሞተር ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጥያቄ ነው።

ታዲያ ለምን ዕድሜውን አይተን አንፈርድም? ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ያስኬደዋል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ ሰኮናውን ያያል። ሞተርም እንዲሁ ነው። በአሮጌ ሞተሮች ላይ የምናገኘው ቱ ስትሮክ የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀለው ዘይት ነው። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ባለቤቱ ዘይት ለመቆጠብ ብሎ ከቀነሰ የሦስት ዓመት ሞተር ፒስተኑ ተፍቆ ይገኛል፤ ሳይሰስት ከሰጠው ደግሞ የ20 ዓመቱም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከየት መጣ የሚለውም ከዕድሜው የበለጠ ይናገራል። ጣና ጨው አልባ ውኃ ነው። ሞተሩ ግን ጂቡቲ ወይም ዓረብ አገር ባሕር ላይ ሠርቶ የመጣ ከሆነ ጨው በማቀዝቀዣው መተላለፊያ ውስጥ ተጋግሮ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህንን ደግሞ አዲስ ቀለም ይሸፍነዋል እንጂ አያጥበውም።

ባለፈው ዓመት አጎቴና ሁለት ባልንጀሮቹ ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ ሞተር ሊገዙ ሲሉ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? ና እየው» ተባልኩ። ከአንድ ጋራዥ የኮምፕሬሽን ጌጅ ተውሼ ሄድኩ። አብሮን አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ሻጩ ገመዱን ገና ሳይነካ እሳቸው እጃቸውን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፉና «ይኼማ ቁርሱን በልቶ ነው የጠበቀን» አሉ። ለካስ ሞተሩ እኛ ሳንደርስ ተነሥቶ ሞቆ ነበር! የሞቀ ሞተር በቀላሉ ይነሣል፤ ሕመሙ የሚታወቀው ቀዝቃዛ እያለ ነው። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። በዚያ መሐል ጋሼ የታችኛውን የማርሽ ቤት ቡሎን ፈተው ዘይቱን ሲያዩት ማኪያቶ መስሏል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ካንዴላዎቹን አውጥቼ፣ ጋዙን ሙሉ ከፍቼ፣ የጌጁ ቀስት መውጣቱን እስኪያቆም ገመዱን ሳብኩ። ሁለቱ ሲሊንደሮች 96 እና 94 ፒ.ኤስ.አይ አሳዩ። ከአጎቴ ባልንጀሮች አንዱ «ጤነኛ ሞተር 120 ነው ብለውኛል፣ ይኼ አልቋል፣ እንሂድ» አለ። እዚህ ላይ ነው ክፍል ውስጥ የተማርነው ሥራ ላይ የሚውለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ባሕር ጠለል ላይ 120 የሚያሳይ ሞተር እዚህ ሲለካ 97 ገደማ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቁጥሩ ብቻውን ሳይሆን ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነቱ ከ10 ወይም ከ15 በመቶ ካለፈ ያኔ እንጠርጥር። ካንዴላውም እንዲሁ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ስለሚያበዛ፣ ካንዴላው የጠቆረ ሞተር ሁሉ የታመመ አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩን ጀልባ ላይ አስረን ሰው ጭነን ወጣን። ያለ ጭነት የማያምር ሞተር የለም። ደረቅ መሬት ላይ አስነሥቶ የሚያሰማ ሻጭማ የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ ዓይናችን እያየ እያቃጠለው ነው። 20 ደቂቃ ያህል በሙሉ ጋዝ ነዳነው፤ ከጎኑ የሚወጣው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውኃ እንዳይቋረጥ ተከታተልን። ከዚያ አጥፍተን ወዲያው አስነሣነው፤ ሲግል እንቢ የሚል ሞተር አለና። ይኼኛው ተነሣ። በመጨረሻ የማርሽ ቤቱ ጥገናና አዲስ የፓምፕ ጎማ ከዋጋው ተቀንሶ ተገዛ። በዕድሜ ቢፈረድ ኖሮ ይጣል ነበር፤ በድምፅ ቢፈረድ ደግሞ ውኃ የገባበት ማርሽ በሙሉ ዋጋ ይገዛ ነበር።

«ይህን ሁሉ ብትለካስ ነገ ኮይሉ ቢቃጠል ምን ታደርጋለህ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ኮምፕሬሽን የሚነግረን ስለ ፒስተንና ስለ ፋሻው እንጂ ስለ ኤሌክትሪኩ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረው እምቦጭም ቢሆን አዲስ አሮጌ አይመርጥም፤ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውኃ ማስገቢያ ይደፍናል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚታመን ሞተር ማለት የማይበላሽ ሞተር ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ የለም። የሚታመን ሞተር ሁኔታው የታወቀ፣ መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝ፣ ሲቆም ደግሞ ሰው ይዞ የማይቀር ነው። «መለዋወጫው ከውጭ ይመጣልሃል» ከተባለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይያዝ የሚወጣበት ሞተር፣ አዲስ ቢሆንም እንኳ፣ እኔ የሚታመን አልለውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ዲፓርትመንታችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ መሥራት ይችላል። አንደኛ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ መመርመሪያ ቅጽ እናዘጋጅ፤ ቀዝቃዛ አነሣስ፣ ኮምፕሬሽን ከከፍታው ጋር ተስማምቶ፣ የማርሽ ቤት ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ውኃ፣ የጭነት ሙከራ። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ጌጃችንን ይዘን ሐይቁ ዳር እንውረድና ሞተር ለሚገዛ ሁሉ በነፃ እንለካ። መምህራኖቻችን ከተስማሙ እንደ ተግባር ልምምድ ሊያዝልን ይችላል። አንጋፎቹ መካኒኮችም አብረውን ይሁኑ፤ እኛ ጌጅ እናነባለን፣ እነሱ በእጃቸው ዳብሰው ያውቃሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ቅጹን አብሮኝ ለማርቀቅ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ካለ ክፍል ውስጥ ያነጋግረኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩን ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት እንጀምረው።