የፈረንጁ ደመወዝ ለምን አይነካም?

ዓለም ባንክ ሁለት ነው። አንዱ ኮልፌ ቀራንዮ ያለው፣ ታክሲ ተሰልፈን፣ ተጋፍተን የምንደርስበት ሰፈራችን ነው። ሌላው ዋሽንግተን የተቀመጠው ባንክ ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። እሰፈሩ የሚኖረው መምህር ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጥበታል። ባንኩ አዲስ አበባ ላይ የሚያሠራው ፈረንጅ ግን ከደመወዙ ላይ ለኢትዮጵያ መንግሥት ቤሳ ቤስቲን አይከፍልም። ሐሜት እንዳይመስላችሁ! በባንኩ መቋቋሚያ ስምምነት አንቀጽ 7 ክፍል 9 ላይ ሰፍሮ የሚገኝ ነገር ነው።

አንቀጹ፣ ባንኩ ለሠራተኞቹ በሚከፍለው ደመወዝ ላይ ግብር አይጣልም ይልና የአገሩን ዜጎች ግን ከነፃነቱ ያስወጣቸዋል። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠው አንድ ሥራ ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሐበሻው ከፋይ፣ ፈረንጁ ነፃ! ባንኩ ደግሞ ግብር ቆርጦ የማስገባት ግዴታ ስለሌለበት፣ ሐበሻው ሠራተኛ ራሱ አስታውቆ፣ ራሱ ተመላልሶ መክፈል አለበት። ለአንዱ እናት ለሌላው እንጀራ እናት ማለት ይኸ አይደለም ታዲያ?

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ያህል፣ ነፃነቱ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ብዙ አገር አዋጥቶ የሚያቆመውን ድርጅት አስተናጋጁ አገር ብቻውን ግብር እየሰበሰበ እንዳይበላው ተብሎ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመብቶችና የነፃነቶች ኮንቬንሽን በ1946 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኢትዮጵያም በዓመቱ ገባችበት። ነገር ግን ያው ኮንቬንሽን መብቱ ለድርጅቱ ጥቅም እንጂ ለሠራተኛው የግል ምቾት እንዳልተሰጠ አስረግጦ ይናገራል። ኃያሏ አሜሪካ እንኳ ለተባበሩት መንግሥታት የሚሠሩ ዜጎቿን ግብር ታስከፍላለች፤ ድርጅቱ ነው የሚያካክስላቸው። እሷ ስትሆን ያምርባታል መሰለኝ!

የእኛ ሙግት ነፃነቱ ከተሰጠው በላይ ስለ መለጠጡ ነው። ፈረንጅ ሁሉ ዲፕሎማት አይደለም! ለኮንትራክተር የሚሠራው መሐንዲስ፣ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ ለግል ኩባንያ "አማካሪ" ተብሎ የመጣው፣ ሁሉም እንደ ማንኛችንም ከፋይ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቆዳ ቀለም አይጠይቅም። ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ፣ ደመወዙ ዱባይም ይከፈል ለንደን፣ ገቢው የኢትዮጵያ ገቢ ነው። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የተቀመጠ ደግሞ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። "እኔ ነፃ ነኝ" የሚል ሰው ነፃ ያደረገውን ስምምነት በወረቀት ያሳይ። አሁን እስቲ ሙቱልኝ፣ ፔሮል የሚሠራው ምስኪን ሒሳብ ሹም አለቃውን ፈረንጅ "ወረቀትህን አምጣ" ብሎ ይደፍራል? ካልቆረጠ ድርጅቱ ሊጠየቅ ነው፣ ከቆረጠ እሱ እንጀራውን ሊያጣ ነው።

መንግሥትም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኮች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን፣ ባለሀብት ለመሳብ ተብሎ የፓርኮቹ የውጭ አገር ሠራተኞች እስከ 5 ዓመት ከደመወዝ ግብር ነፃ ተደረጉ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የልብስ ሰፊዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ። በጊዜው ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ስለነበረ፣ ከዚህችው ደመወዝ ላይ እንኳ ከ600 ብር የተረፈችው 10 በመቶ ትቆረጥ ነበር። አሠሪዋ ፈረንጅ ነፃ፣ ሰፊዋ ልጅ ከፋይ! ጉድ እኮ ነው!

ያች 600 ብር 9 ዓመት ሙሉ ሳትነቃነቅ ከረመች። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለች ተብሎ ተጨበጨበ። 8,000 ብር የሚያገኝ መምህር ታዲያ ዛሬም 1,150 ብር ይቆረጥበታል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይወሰዳል። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 14,000 ብር ስንት ዶላር እንደሆነ እናንተው አስሉት። ከፍተኛ ደመወዝተኛ የሚባለው እንግዲህ ይኸ ነው! በዚያው ሰሞን ባንኩ 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀልን፤ አንዱ ቢሊዮን እርዳታ፣ ቀሪው ብድር። ምክሩም አብሮ ይመጣል፤ ግብር አሰባሰባችሁን አጠናክሩ። ማን ላይ ጌታዬ? ብድሩ የሚመለሰው ከመምህሩ 1,150 ብር ነው እኮ።

የገንዘብ ሚኒስቴርና የገቢዎች ሚኒስቴር አንድ ነገር ይመልሱልን። በየትኛው ስምምነት፣ የየትኛው ድርጅት ስንት የውጭ ዜጋ ከደመወዝ ግብር ነፃ ነው? በዓመት የሚቀረውስ ገንዘብ ስንት ነው? የሰው ስም አልጠየቅንም። የድርጅቱን ስም፣ የስምምነቱን ቀንና የብሩን ልክ ብቻ በጋዜጣ ያውጡት። ለማተሚያው ወጪ የሚያስፈልገውን እንደሆነ ከዚህ ወር ደመወዛችን ላይ ቆርጠውታል።