ከዘመሮ ወደ ዘፈን ቤት

አገሬን ጠይቀውኝ "ዘመሮ ነው" ስል ፈገግ የማይል የአዲስ አበባ ሰው ብዙም አልገጠመኝም። "ታዲያ ከዘመሮ የመጣ ሰው ይዘምራል እንጂ ዘፈን ቤት ምን ይሠራል?" ይሉኛል። ቀልዱ ቀላል ቢመስልም እሾህ አለው። በእኛ ዘንድ ዝማሬ የእግዚአብሔር ነው፤ ዘፈን የሥጋ። አንዱ በማሕሌት ቆሞ ያድራል፣ ሌላው በመሸታ ቤት ተቀምጦ። ሁለቱም እንቅልፋቸውን አጥተው ያነጋሉ፤ ጧት ላይ ግን አንዱ በረከት ይደርብህ ይባላል፣ ሌላው ዐይኑን በእጁ ከልሎ በጓሮ በር ይገባል። እኔ ሁለቱንም ሌሊቶች አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ልሟገትለት የተነሣሁት ጠበቃ ለሌለው ለሁለተኛው ነው።

ዘመሮን ለማያውቅ አንባቢ፦ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የደጋ ከተማ፤ የገብስና የበግ አገር። እራት በጊዜ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የባና ነው። ከበግ ጠጉር በተሠራችው በዚያች ከባድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው ሌሊቱ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው በወሬ ነው። "ሌሊት የሚወጣው ጅብና ሌባ ነው፤ ሦስተኛ ካለ እኔ አላውቀውም" ትል ነበር እናቴ። በ1998 ዓ.ም. አውቶቡሱ ጣርማ በርን ከነጉሙ ትቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ አዲስ አበባ ሲያራግፈኝ ያንን ሦስተኛ የመሆን አሳብ በጭራሽ አልነበረኝም።

አሳቡ የነበረው የአክስቴ ልጅ ነው። ስምንት ዓመት ቀድሞኝ ገብቶ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር፣ ከተማውን በቀን ሳይሆን በሌሊት ያጠና ሰው ነበር። "አዲስ አበባን በቀን ያየ ሰው ሥራ የሚፈልገውን ሕዝብ ነው ያየው፤ ሕዝቡን ራሱን ለማየት ማታ መውጣት ነው" አለኝ። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ የጭፈራ ቤት ይዞኝ ሄደ። በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን አዩ፤ በእሱ ተማጽኖ ገባሁ። ስለዚያ ቤት የምለው ብዙ የለኝም። መብራቱ ይሽከረከራል፣ ሙዚቃው ደረት ይደልቃል፣ ዲጄው ከመስታወት ጀርባ ነው። አንድ ቢራ ይዤ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው አላወቅሁም። ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲዘል ማየት ለካ በራሱ ያስደስታል። ብቻ በማግስቱ እዚያ ቤት መኖር አለመኖሬን የሚያስታውስ አንድም ሰው እንደሌለ ሲገባኝ፣ ወደ ከተማው ገና እንዳልገባሁ ተሰማኝ።

የገባሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ አዝማሪ ቤት።

ከኪራይ ቤቴ ብዙም የማይሰፋ ክፍል ነበር። ግድግዳውን ተከትለው አጫጭር በርጩማዎች ተደርድረዋል፤ ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። መሐል ላይ አንድ ማሲንቆ የያዘ ሰውና አንዲት ዘፋኝ ይመላለሳሉ፤ ከበሮው ጥግ ላይ ነው። መድረክ የለም። መድረክ አለመኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አዝማሪው ፊቴ ቆሞ ከየት እንደመጣሁ የአክስቴን ልጅ በጆሮው ሲጠይቅ ነው። ቀና አለ፤ ጭራውን ሳብ ሳብ አደረገና አወረደብኝ፦

ባና ለብሶ አድጎ መንዜ ኮብልሎ፣
ከተማው ሞቀው ወይ በርኖሱን ጥሎ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ዐይኔ ውስጥ አንድ ነገር መጣ። ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ቀበሌ ቆጥሮኛል፣ አከራዬ ቆጥረውኛል፣ የታክሲ ረዳት ቆጥሮኛል። ከየት እንደመጣሁ ጠይቆ፣ የመጣሁበትን ግጥም አድርጎ የመለሰልኝ ግን የመጀመሪያው ሰው ይህ አዝማሪ ነበር። ሞቆህ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝም እሱ ብቻ ነው። ጎኔ የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ሰው "ተቀበል እንጂ፣ ወንድም ጋሼ፣ መልስ ስጥ!" እያሉ ጎሰሙኝ። በአዝማሪ ቤት ወግ የተነካ ሰው "ተቀበል" ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ያወጣለታል። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ። ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። መልሱ የመጣልኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በእግሬ ወደ ቤት ስወጣ፣ ከውሾች በቀር ሰሚ በሌለበት ነው።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ሌሊት የማሲንቆ፣ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ አንድ ሌሊት የባንድ ሆነልኝ። ከካሴት ብቻ ለሚያውቀው ሰው የባንድ ሙዚቃን በአካል መስማት እንግዳ ነገር ነው። ካሴት አይሳሳትም። ባንድ ይሳሳታል፤ ከበሮ መቺው ይቀድማል፣ ዘፋኙ ስንኝ ይረሳል፣ ከዚያ ሁሉም እየተያዩ ይስቁና ተያይዘው ይመለሳሉ። ያ የመመለሻ ቅጽበት ነው እኔን ያሰከረኝ፤ ቢራው አይደለም። (ቢራው ውድ ነበር።)

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። የዚህ ከተማ የሌሊት ሙዚቃ የከተሜ ነው፣ የገጠር ሰው በእንግድነት የሚታገሠው ነው የሚል አስተሳሰብ ከበር ጠባቂዎቹ ጀምሮ እስከ ምሁራኑ አለ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሙዚቃውን የሠሩት መጤዎች ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ በሸክላ የተቀረጸው የአገራችን ድምፅ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው፤ የምንጃር ሰው ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ቀረጹት። ነሐሱን ጥሩምባ ለቤተ መንግሥቱ የነፉት "አርባ ልጆች" በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ አርመኖች ነበሩ። ከእነሱ የበለጠ መጤ ከወዴት ይገኛል? አገር አጥተው የመጡ ልጆች የነፉት ጥሩምባ ነው ኋላ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች፣ ከዚያም በየሆቴሉ የተንዠቀዠቀው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚነካኝ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. በይፋት ነው፤ ከመንዝ ተራሮች ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው የጎረቤታችን ቆላ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ሞካከሩ፤ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜያቸው ከማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገብተው ክላሪኔትና ሳክስፎን ያዙ፤ ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ያደረጉት ነገር ሲነገር አጭር ነው፦ ሽለላን በሳክስፎን ነፉት። የጦር ሜዳውን ጩኸት፣ እየተቆረጠ የሚወረወረውን ትንፋሽ፣ አውሮፓውያን ለወታደር ባንድ በሠሩት የብረት ቧንቧ ውስጥ አሳለፉት። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሸክላቸው ኋላ "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ ሥራ 14ኛ ቅጽ ሆኖ ዓለምን ዞረ። የሆላንዶቹ "ዘ ኤክስ" ሰባኛ ዓመታቸውን ሲጠጉ አግኝተዋቸው አብረዋቸው አገር ላገር ዞሩ፤ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ ያያቸው ፈረንጅ ሽለላ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ገብቶታል። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ።

ያንን ሸክላ መጀመሪያ የሰማሁት በአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ነው። ባለቤቱ ባንዱ ዕረፍት ሲወጣ ሲዲ ከፈተ። ብርጭቆዬን ሳላነሣ ቀረሁ። ይህ አያቴ ነው! ሠርግ ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ብድግ ብለው፣ ዱላቸውን እየነቀነቁ፣ ዳሱን ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ የሚያሰሙት ነው። ሕፃን ሆኜ ከምሰሶ ኋላ ተደብቄ እየፈራሁ የሰማሁት ድምፅ፣ በኒኬል አብረቅርቆ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የአክስቴን ልጅ "ይህ የእኛ ነው" አልኩት። "ታዲያ የማን መስሎህ ነበር?" አለኝ።

ሌሊቱን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን "ሌቱም አይነጋልኝ" ያነበበ ሁሉ ውቤ በረሃን በዘፈን ብቻ ሳይሆን በሴቶቿም ዕድሜ ያውቃታል። የምሽቱ ደስታ ሲታሰብ ሒሳቡ በአብዛኛው የሚወጣው ከአስተናጋጇ ላይ ነው፤ እሷም ብዙ ጊዜ እንደኔ ከገጠር የመጣች መጤ ናት፤ ለእሷ ግን "ሞቀሽ ወይ" ብሎ የሚዘፍን የለም። ይህን እያየሁ አሳልፌያለሁ፤ የማፍርበትም ሌሊት አለኝ። ይሁን እንጂ እናቴ ጅብና ሌባ ካለቻቸው መካከል ሦስተኛ ሰው እንዳለ አይቻለሁ፤ ጆሮውን ይዞ የወጣ ሰው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሲታወጅ ይኸው ሰው ቤቱ አልቀረም። ከሆቴል ከባንዱ ጋር ተቆልፎበት እየሰማ፣ እየጨፈረ፣ ጎሕ ሲቀድ ይወጣ ነበር። ጠመንጃ የቆመበት መንገድ ያላስቀረው ሰው፣ ለምን እንደወጣ ቢጠየቅ መልስ ያጣል ብዬ አላምንም።

ዛሬ ያንን ሰው ያስቀረው ጠመንጃ አይደለም፤ ቦታ ማጣት ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የመጀመሪያው ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ጃዝአምባ የተባለው የጃዝ አዳራሽ አብሮ ነደደ። የ2016ቱ ዓ.ም. ፈረሳ ዶሮ ማነቂያን ወሰደ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ፈንድቃም ከዚያው ተነሣ። ፈንድቃን የማያውቅ ካለ፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት ገንዘብ ብቻ እየጨፈረ፣ ከባንኮኒው ሥር እየተኛ ያደገበት፣ ኋላም ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል ያደረገው አዝማሪ ቤት ነው። ቡድኑ እንዳለ አለ፤ ያ ክፍል ግን የለም። የእኔም አዝማሪ ቤት፣ ስሙን ማንም ያልጻፈለት፣ አብሮ ሄዷል።

ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የሚያሳፍር ቤቶች ነበሩ የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠብታ ብርጭቆዬ ውስጥ ገብቷል። ቤት ይፍረስ፣ መንገድ ይስፋ። የምከራከረው ስለ ልኩ ነው። አዲሱ ከተማ ሲታቀድ ሙዚቃ የተመደበለት ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወይም ደግሞ የባህል ምግብ ቤት። በባህል ምግብ ቤቱ መድረክ ላይ ጎጃም ዐሥር ደቂቃ፣ ጉራጌ ዐሥር ደቂቃ፣ ትግራይ ዐሥር ደቂቃ እየሆነ አገሩ ሁሉ በልብስ ቅያሪ ያልፋል። ተወዛዋዦቹ ጎበዞች ናቸው፤ ክፉ አልናገራቸውም። ነገር ግን እዚያ ክትፎ እየበላሁ አንድም ሰው ከየት መጣህ ብሎኝ አያውቅም። ሊለኝም አይችልም፤ በእኔና በእሱ መካከል መድረክ፣ ማጉያና ሁለት መቶ ወንበር አለ። "ተቀበል" የሚባለው ጉልበት ከጉልበት በሚነካካበት ክፍል ብቻ ነው። ያ ክፍል ኪራዩ የማይቀመስ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ በራሱ አይበቅልም፤ ለሱቅና ለባንክ ወለል የሚቆጥር አቅድ ለሠላሳ በርጩማም ይቁጠር። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ የወንድሙን ልጅ ይዞ ቤቴ መጣ። ከዘመሮ ገና ሳምንቱ ነው፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ምን እንደሚሰማ ጠየቅሁት፤ ስልኩን አሳየኝ፤ የማላውቀው የዘንድሮ ዘፋኝ ነው። "በአካል የሚዘፍኑበት ቤት አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ጋሼ፤ ውድ ነው እንዴ?" አለኝ።

ሦስታችንም መኪና ውስጥ ገባን። የአክስቴ ልጅ ሳያስበው በልማዱ ወደ ካዛንቺስ ነዳው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ቀን አስመስሎታል፣ የብስክሌት መስመሩ ባዶውን ተዘርግቷል። አዝማሪ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለማሳየት ጣቴን አነሣሁ፤ የትኛው ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ። "እዚህ ነው?" አለ ልጁ በመስኮቱ አጮልቆ።

"ወደፊት ነው" አለው የአክስቴ ልጅ፣ ማርሹን እየቀየረ።