የታጨደ ሣር የት ይሂድ? የግቢ ተረፈ ምርት አያያዝ በከተሞቻችን

የክረምቱ ዝናብ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአዲስ አበባ ግቢዎች ያለው ሣር ጉልበት ድረስ ያድጋል። ታጭዶም በጆንያ ይታሰርና ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር በአንድነት ወደ ገንዳ ያመራል። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ለጉዝጓዝ የገባው ቄጠማም በሁለት በሦስት ቀን ጠውልጎ ይከተለዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በመንገዶች ዳር የተተከለው ሣርና አበባ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ያማረ ሣር ሁሉ በየጊዜው የሚታጨድ ሣር ነውና።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ቆሻሻን በአንድ ስፍራ መከመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከተማዋ በመሪር ሐዘን አይታዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተለምዶ ቆሼ በሚባለው የረጲ ማስወገጃ ስፍራ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። አደጋውን በሣርና በቅጠል ማሳበብ አግባብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከከተማዋ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ መሆኑ፣ ይህም አየር በማያገኝ ጥልቅ ክምር ውስጥ ሲቀበር ቆሻሻ ፈሳሽና ሚቴን የተባለ ጋዝ ማመንጨቱ የታወቀ ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል።

«ታዲያ በረጲ ኃይል ማመንጫ ቢቃጠልስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። አዲስ የታጨደ ሣር ግን በክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው። እሳቱ አስቀድሞ ውሃውን ማትነን ስላለበት፣ እርጥብ ሣር የበዛበት ቆሻሻ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው። በየግቢው ማቃጠልም ጎረቤትን በጭስ ከማስቸገር ያለፈ ጥቅም የለውም። ከሁሉ የከፋው ወደ ቦይ መጣሉ ነው፤ በክረምት የጎርፍ መውረጃውን የሚዘጋው አንዱ ይኸው ነውና።

ሕጉን በተመለከተ፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለዩ ግዴታ ጥሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ የፌስታል አጠቃቀምን ከልክሏል። ይህ ለያዝነው ጉዳይ ፋይዳው ከፍ ያለ ነው፤ የፌስታል ቁርጥራጭ የተቀላቀለበትን ኮምፖስት ገበሬውም አትክልተኛውም አይቀበለውም። ይሁንና ነዋሪው በቤቱ የለየው ቆሻሻ በአንድ ጋሪ ላይ መልሶ ከተቀላቀለ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ይህ ክፍተት በነዋሪው ትጋት ብቻ አይደፈንም፤ የአሰባሰቡ ሥርዓትም አብሮ መስተካከል ይኖርበታል።

በነገራችን ላይ ሣሩን የምናስርበትን ጆንያ በተለምዶ «ማዳበሪያ» እንለዋለን። በማዳበሪያ ታስሮ የሚጣለው ግን ራሱ ማዳበሪያ ነው። አገራችን የአፈር ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ እንደምትገዛ ይታወቃል። የአንድ ግቢ ሣር ይህን ወጪ አይሸፍንም፤ ለአንድ የጎመንና የቆስጣ መደብ ግን ይበቃል።

አዘገጃጀቱ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በበጋ እርጥበቱ እንዳይተን በጉድጓድ፣ በክረምት ደግሞ ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬት ከፍ ባለ ክምር ይሠራል። ሣር ብቻውን ከተከመረ ታምቆ ይሸታል፤ ብዙዎች ሞክረው የሚተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሣሩን አንድ ቀን አጠውልጎ ከደረቅ ቅጠል፣ ከገለባ ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር በስስ በስሱ መደራረብ ነው። ጥቂት እበት ወይም የቆየ አፈር ጣል ቢደረግበት ብስለቱን ያፋጥናል። በክምሩ መሐል ረጅም ዘንግ ይሰኩና ከሳምንት በኋላ አውጥተው ይዳስሱት። ከሞቀ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨምሩ፤ ርሶ የሚሸት ከሆነ አገላብጠው ደረቅ ነገር ያክሉበት። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየተገላበጠ በሦስት በአራት ወር ውስጥ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ይይዛል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ ብስለቱን ስለሚያጓትት በብዛት አይጨመርም። አበባ ያወጣ ቅንጨ አረምም ዘሩ በክምሩ ውስጥ ሊተርፍ ስለሚችል አይቀላቀል። ሣሩን ለከብት ወይም ለበግ መስጠት ለሚሹ ደግሞ፣ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ያልተረጨበትና በጆንያ ታፍኖ ያልሻገተ መሆኑን ማረጋገጥ የግድ ነው። ሣሩን በየጊዜው በአጭሩ የሚያጭዱ ከሆነ ግን ብናኙን እዚያው ሜዳው ላይ ቢተዉት መልሶ አፈሩን ይመግባል፤ ወደየትም መጓጓዝ አያስፈልገውም።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩና ስፍራ የሌላቸው ነዋሪዎች በሕንፃው ኮሚቴ አማካይነት የጋራ ክምር ማዘጋጀት ይችላሉ። የተቆረጠ የዛፍ ቅርንጫፍን የመሰለ ብዛት ያለው ተረፈ ምርት ሲኖር ደግሞ፣ ከገንዳው አጠገብ ከመከመር አስቀድሞ በወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስለ አነሳሱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወረዳው በከተማ ግብርና የተደራጁ ማኅበራት ካሉም ተለይቶና ከፌስታል ነጽቶ የቀረበ ሣርና ቅጠል ሊረከቡ ስለሚችሉ፣ በዚያው አጋጣሚ ይህንኑ መጠየቅ ይቻላል።