ስፓኒሽን በአማርኛ በር

ሮቢት ተቀምጦ ስለ ስፓኒሽ ሰዋስው የሚጽፍ ሰው ሥራ የፈታ ይመስል ይሆናል። የእህቴ ልጅ ግን በወልዲያና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ሊገባ፣ አስጎብኚ ሊሆን አስቧል፤ ስፓኒሽም ጀምሯል። የያዘው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ቅሬታዬ እሱ ላይ ነው።

እኔ ቋንቋውን የተማርኩት በልጅነቴ፣ በ1970ዎቹ፣ ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት በሚሏት ነው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ወደዚያ ተልከናል። ግማሹን ቀን ክፍል፣ ግማሹን ቀን የፍራፍሬ እርሻ። ጆሯችን ቀድሞ የለመደው ትእዛዝን ነበር፤ «ኮርታ!» ሲሉን እንቆርጣለን፣ «ሱቤ!» ሲሉን እንወጣለን። «ተናገር» ለማለት «አብላ!» ሲሉንማ ማንን ነው የምናበላው ብለን ስቀናል።

ከሕግ የማይወጡት ግሶች ትእዛዝ በእኛ ፊደል ሲታይ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ጣል፤ አብላር አብላ፣ ኮሜር (መብላት) ኮሜ ይሆናል። በ«ኢር» የሚያልቀው ብቻ ሣልሱን ወደ ኃምስ ይቀይራል፤ ሱቢር ሱቤ ይላል። ለወንድም ለሴትም ያው ነው፣ ከ«ሂድ» እና «ሂጂ» ጣጣ ነጻ ነው።

እንግሊዝኛው መጽሐፍ የሚንገዳገደው ክብር ሲመጣ ነው። እንግሊዝኛ ልጅንም አያትንም በአንድ ቃል ያዛል፤ ስለዚህ የአክብሮቱን ትእዛዝ እንደ እንግዳ ነገር ገጽ በገጽ በሠንጠረዥ ይደረድረዋል። የሮቢት ልጅ ሠንጠረዥ ምን ያደርግለታል? ታናሹን «ተቀመጥ» ይለዋል፣ አያቱን «ይቀመጡ»። «ይቀመጡ» ደግሞ በሌሉበት ስለ እነሱ የምንናገርበት ቅርጽ ነው፤ በአክብሮት ሰውየውን ትንሽ እናርቀዋለን። ስፓኒሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «እርስዎ» የሚለው «ኡስቴድ» የመጣው «ጸጋዎ» ከሚል የድሮ አጠራር ስለሆነ፣ ግሱ እንደ ሦስተኛ ሰው ይታጠፋል። በፊደል ስናየው ራብዑ ኃምስ፣ ኃምሱ ራብዕ ይሆናል፤ አብላ አብሌ፣ ኮሜ ኮማ፣ ሱቤ ሱባ። ለብዙ ሰው «ን» ጨምር፤ አብሌን፣ ኮማን፣ ሱባን።

ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ የቆሙ እናት ቱሪስትን አስቡ። የእህቴ ልጅ «ባኻ» ቢላቸው «ውረጂ» ማለቱ ነው፤ «ባኼ» ካለ «ይውረዱ» ብሏል። ስፔኖች አንተ ለመባባል እንደኛ አይቸገሩም፤ ቢሆንም የሚያውቅ አስጎብኚ መርጦ ይናገራል። ከስፔን የመጡ ወጣቶችን ደግሞ «ር»ን በ«ድ» ተክቶ «አብላድ፣ ኮሜድ፣ ሱቢድ» ሊላቸው ይችላል፤ ይህን ኩባ ውስጥ አይጠቀሙበትም።

እንግሊዝኛ ለማንኛውም ያስፈልገዋል የሚሉኝ አሉ። ያስፈልገዋል፣ ይማረው። ስፓኒሹን ግን አስተማሪዎቹ በአማርኛ ያስጀምሩት፤ አንድ በአማርኛ የተዘጋጀ ቀጭን መጽሐፍ ለዚህ ይበቃል። የሚያፈነግጡት ግሶችም ቢሆኑ አያስፈሩም። «ና» ለማለት ከቤኒር «ቤን» ብቻ ይቀራል፤ የ«መጣ»ን ትእዛዝ «ና» ለምንል ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም።