ፍሬም ከማስፋት ፕሮፎርማ ማረም

ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ከቀረ ሰነባብቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት አዲስ አበባም የብስክሌት መንገድ አግኝታለች። ባህር ዳርና ሐዋሳማ ድሮም የብስክሌት አገር ናቸው። ነጋዴውም ይህን አይቶ ማስመጣቱን ይዟል። ይህ ጸሐፊ ግን ዛሬ ጥቂት ሊል የወደደው ከብስክሌት ሻጩ ሱቅ አለፍ ብሎ ስለሚገኘው ሌላ ገበያ፣ ማለትም ስለ በያጁ ገበያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገዥው ቀጭን ጎማ ያለው፣ ዓይን የሚስብ ብስክሌት ይገዛል። የጎማው ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ነው። አስፋልት ላይ ይበራል። ወደ ሰፈሩ የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ሲታጠፍ ግን እጁ ይደነዝዛል፣ ጎማው በየሳምንቱ ይተነፍሳል። ሰፋ ያለ ጎማ ፈልጎ ይገዛና ሊያስገባ ሲሞክር ፍሬሙ እምቢ ይለዋል። ቀጥሎ የሚሄደው በያጅ ዘንድ ነው።

ለምን ሌላ ብስክሌት አይገዛም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ የዚህ ገጽ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በእጅ ያለውን ማስተካከል የድሃ ብልሃት ሳይሆን ሒሳብ ሆኗል። ችግሩ ሒሳቡ ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑ ነው።

ይህ ጸሐፊ ራሱ ሒሳቡን ተሳስቶ ያውቃል። ያገለገለ የአሉሚኒየም ብስክሌት ገዝቼ 38 ሚሊ ሜትር ጎማ ልገጥምበት ፈለግሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች ከውስጥ በኩል በሞረድ ፋቃቸው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ጎማው ገባ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። ወራት ካለፉ በኋላ ፔዳሉን በረገጥሁ ቁጥር ከሥር አንዳች ነገር ይንጫጫ ጀመር። ብስክሌቱን ገልብጬ ሳየው በተፋቀው ቦታ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት የእህቴን ልጅ ከኋላዬ ጭኜበት ነበር።

ሁለተኛው ባለሙያ ስንጥቁን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን እኔ አልነካውም» አለኝ። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ቱቦው ላይ አስጠጋ፤ አልያዘም። «ቢይዝልህ ኖሮ እንነጋገር ነበር።» ገንዘብ ሊያገኝ እየቻለ እምቢ በማለቱ አከብረዋለሁ። እንዲህ ያለ በያጅ ደንበኛ ያጣል ብዬም አላምንም።

የማግኔቱ ምሥጢር ይህ ነው። ብረት ፍሬም ልብ ያለው ባለሙያ ካገኘ ይሻሻላል። ቱቦውን በሞርሳ ይዞ ጎማው በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ወደ ውስጥ ጎድጎድ በማድረግ በያንዳንዱ ወገን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይገኛል። ሁለቱን ቱቦዎች የምታገናኘው ድልድይም ተቆርጣ ከጎማው ራቅ ብላ ወደ ፊት ልትበየድ ትችላለች። የበለጠ ስፋት ከተፈለገ ቱቦዎቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። አሉሚኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። ለብስክሌት በብዛት የሚውለው ዓይነት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሙቀት ነው። ፋብሪካው ፍሬሙን ከበየደ በኋላ ከ500 ዲግሪ በላይ አግሎ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ያቆየዋል። የሰፈር በያጅ እሳት ይህን ጥንካሬ ያፈርሳል፤ መልሶ የሚሰጥ ምድጃ ግን የለውም። ሞረዱም ቢሆን ቀጭኑን ቱቦ ይበልጥ ከማሳሳት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ብረት ነው ብሎ መቸኮልም ደግ አይደለም። የኋላው ከሰፋ በኋላ ትልቁ የካቴና ጥርስ ቱቦውን ሊነካ ይችላል። የፊቱ ፎርክ ካልሰፋ ልፋቱ ግማሽ ነው። ፎርክ ማስፋት ደግሞ ከመለወጥ አይሻልም፤ የሚለወጠው ፎርክ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረዝም የመሪው አቀማመጥ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፣ አነዳዱም ይለወጣል። በጎማውና በፍሬሙ መካከልም በየጎኑ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መቅረት አለበት፤ አለዚያ በክረምት ጭቃው ራሱ ሞረድ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ርካሽ መንገድ ግን ሌላ ነው። ፍሬሙን ትቶ ቸርኬውን መለወጥ። ቀጭን ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ልክ 622 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው 584 ነው። በ622 ላይ 28 ጎማ ሲገጠም የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ቁመት 678 ይሆናል። በ584 ላይ 38 ሲገጠም 660 ይሆናል። ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ እንኳ ቁመቱ ቀነሰ ማለት ነው። የጎማው ወፍራም ክፍልም ቱቦዎቹ ዘርዘር ወደሚሉበት ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። የሚይዘው አየር በግምት የቀድሞው አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይሆናል፤ እጅን ከመደንዘዝ የሚያድነውም ይኸው ነው። ዕዳው ፔዳሉ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ወደ መሬት መቅረቡ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነም 19 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መድረስ ይጠበቅበታል፤ ይህ ሁልጊዜ አይሳካም። ባለ ዲስክ ፍሬን ከሆነ ግን ይህ ጭንቀት የለም። ቱቦዎቹ በጣም የተጠጋጉ ከሆኑ ይህም አይረዳምና ቸርኬ ከመግዛት በፊት ክፍተቱን መለካት ይገባል።

አሁን ወደ አስመጪው እንምጣ። ለበያጁ፣ ለቸርኬውና ለሁለተኛው ጎማ የሚወጣው ገንዘብ በአስመጪው መዝገብ ላይ የለም። ከገዥው ኪስ ግን ወጥቷል። ገዥው የብስክሌቱን ዋጋ ሲቆጥር ይህንንም ጨምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ለጎረቤቱ የሚያወራውም ድምሩን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቱቦዎቹ ከመበየዳቸው በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ማራራቅ፣ ተበይደውና ተቀብተው መርካቶ ከደረሱ በኋላ ከማራራቅ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም። ሆኖም ከሻጮች ጋር ስነጋገር የሚነግሩኝ ስለ ቀለሙና ስለ ማርሹ ብዛት ነው። ፍሬሙ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ ያስገባል ብዬ ስጠይቅ ዝም ይላሉ፤ አንዱማ «ከላዩ ያለውን ነዋ!» ብሎኛል።

ስለዚህ ኤልሲ ለመክፈት የተሰናዳ አስመጪ በፕሮፎርማው ላይ ሁለት ነገር ያስጽፍ፤ ፍሬሙ የሚቀበለውን ትልቁን የጎማ ስፋትና የፍሬሙን ማዕድን። ለከተሞቻችን መንገድ ከ40 በታች የሚቀበለውን ባያመጣ እመክራለሁ። ቸርቻሪውም ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ መሪው ላይ ያንጠልጥለው። የእኔ የተሰነጠቀ ፍሬም ግን ለቁርጥራጭ ብረት ገዥ በኪሎ ተሸጧል፤ ቸርኬዎቹን አስቀርቻለሁ።