ዋና የሚችልም ይታጠቅ

ባለፈው ሐምሌ አላስካ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን እሷ ሥራ ስለነበረባት፣ ባሏ ሲዋርድ ከምትባለው የወደብ ከተማ በጀልባ አሳፍሮ ወደ አያሊክ የበረዶ ግግር ወሰደኝ። ከግግሩ ራቅ ብለን ካያክ ወደምትባል ጠባብ ታንኳ ወረድን፤ እኔ ከፊት፣ አማቼ ከኋላ፣ አስጎብኚው በራሱ ታንኳ እየመራን። በሩቅ፣ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ተኝተዋል።

ጥቂት እንደቀዘፍን አማቼ፣ «እማዬ፣ ሞቀኝ፤ የላይፍ ጃኬቱን ማሰሪያ ፈታሁት። ጣና ዳር ያደግሁ ዋናተኛ እኮ ነኝ!» አለኝ።

ነርስ ጡረታ ብትወጣም አፏ አይወጣም። «ልጄ፣ ይህ ውኃ ጣና አይደለም» አልሁት። እንዲህ ባለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይወድ በግዱ አየር በኃይል ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ትንፋሹ እስኪረጋ 1 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ10 ደቂቃ ገደማ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል፤ ያኔ ዋና ማወቅ አይረዳም። ብርዱ ራስን የሚያስተው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ አፍና አፍንጫን ከውኃ በላይ የሚያቆየው በደንብ የታሰረ ላይፍ ጃኬት ነው።

ተናግሬ ሳልጨርስ ከግግሩ ትልቅ በረዶ ተገምሶ ባሕሩ ላይ ወደቀ። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ዘግይቶ ደረሰን፤ ቀጥሎ ማዕበሉ ታንኳችንን ከፍ ዝቅ አደረጋት። ከኋላዬ ማሰሪያው «ቀጭ» ሲል ሰማሁ።

እናንተም ልጆቻችሁን ጀልባ ላይ ስታሳፍሩ «ዋና ይችላል» ብላችሁ አትለፉ፤ ማሰሪያውን በእጃችሁ ፈትሹ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።