ትኬት ተቆርጧል፣ ወንበርስ?

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴት በራችን ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከደቅ ነው የመጣችው። ልጇ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። እናትየው ቪዛ ተመትቶላት አራስ ልጇን ልታይና ልትንከባከብ ልትሄድ ነው።

«ሲስተርዬ፣ የአውሮፕላኑንስ ልጆቹ ነገሩኝ። የፈራሁት ባቡሩን ነው። እርስዎ ሄደውበታል ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ከዚያም «እንደኛ መርከብ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህች ሴት መርከብ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሷ ነን። በ1980ዎቹ ደቅ ላይ ስሠራ መርከቡ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ይነሳና ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እያዳረሰ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። የወንበር ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ የገባ ነጠላውን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ለጎረቤቱም ለአማቱም ቦታ ይይዛል። ኬሻው፣ ዶሮው፣ የዘጌ ቡናው፣ የተረፈው ሰው፣ ሁሉም መሬት ነው። እሷን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ያወረድናት መርከቡ ከጎርጎራ በሚመለስበት ቀን ነበር፤ እግዜር ሲረዳን ነው። ውስጡ እስከ ደረጃው ሞልቷል። የያዝንላት ቦታም፣ የቆረጥንላት ትኬትም የለም። «ምጥ ላይ ያለች ሴት ናት!» ብዬ ስጮህ አንድ አግዳሚ ሙሉ ሴቶች ተነሱ። ሽንኩርት የጫነ ነጋዴ ኬሻዎቹ ሲገፉበት መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ጋቢውን አውልቆ ሥሯ ያነጠፈላት እሱ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደርሰን በቀዶ ጥገና ተገላገለች። ዛሬ ኮሎኝ ያለችው ልጅ ያቺ ናት።

ስለዚህ ለጥያቄዋ «አይደለም፣ እንደኛ መርከብ አይደለም» ብዬ ስመልስላት ትንሽ ከበደኝ።

እኔ የሄድኩት ከ4 ዓመት በፊት ነው፣ ቦን ወደምትኖረው ልጄ ዘንድ። ሌሊቱን በርረን ማለዳ ፍራንክፈርት ወረድን። የባቡር ጣቢያው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ መንገዱ አያስቸግርም። ትኬቱን የላከልኝ አማቼ ነው፣ በወረቀት አትሜ ይዤዋለሁ። ተሳፈርኩ፣ መስኮት አጠገብ ባዶ ወንበር አየሁ፣ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። እኔም ወረቀቴን አውጥቼ ከፍዬበታለሁ አልኳት። ልጅቷ ከወንበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በጣቷ ስታመለክተኝ ነው የገባኝ፤ ወንበሩ በእሷ ስም የተያዘ ነው። ሽበቴን አይታ «ይቀመጡ» ማለቷ በምልክትም ያስታውቃል። እኔ ግን እፍረቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ተነሣሁ፣ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ለብዙ ሴቶች «ኩራትሽን ትተሽ ተቀመጪ» ስል የኖርኩ ነርስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀርመን ረጅም መንገድ በሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች ትኬት ማለት መሳፈር ትችላለህ ማለት ብቻ ነው። መቀመጫ ለብቻው ይያዛል፣ ለብቻውም ይከፈልበታል፤ በሁለተኛ ማዕረግ 5 ዩሮ ገደማ ነው። ሳያስይዙ መሳፈር ክልክል አይደለም፣ ባዶ ካገኙ ይቀመጣሉ፣ ካጡ ይቆማሉ። በፈረንሳይና በጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ደግሞ ትኬቱ ራሱ ወንበሩን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያለ ወንበር አይሸጥም። እናቶቻችሁን የምትጠሩ ልጆች፣ ትኬት ስትገዙ ይህቺን 5 ዩሮ አትቆጥቡ። እናንተ ስልካችሁን እያያችሁ ከፉርጎ ፉርጎ ትዘዋወራላችሁ፤ ሌሊቱን በአውሮፕላን ተቀምጣ እግሯ ያበጠ የ60 ዓመት ሴት ግን አትችልም።

የተያዘ ወንበር ላይ ከየት እስከ የት እንደተያዘ ይጻፋል። ባለቤቱ ባቡሩ ከተነሳ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ መብቱ ይቀራል፣ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል። ይህ ለእኛም ይሠራል፦ የራስን ወንበር ቶሎ ሄዶ መያዝ ነው፣ በር ላይ ሻንጣ ሲያስተካክሉ መቆየት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ የፉርጎው፣ አንዱ የወንበሩ። ባቡሩ በጣም ረጅም ነው። ጣቢያው ውስጥ የትኛው ፉርጎ የትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ አስቀድሞ እዚያ ፊደል ሥር ሄዶ መጠበቅ ግማሹን ጭንቀት ያስቀራል።

ሰዓቱን ነገር ደግሞ ልጆቻችን ይረሱታል። ትኬቱ ላይ 14:10 ከተባለ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው፤ ስድስት መቀነስ ነው። አንዲት የማውቃት እናት 9:15 የሚለውን ከሰዓት በኋላ መስሏት ከዘመድ ቤት ምሳ በልታ ደረሰች፤ ባቡሩ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ሄዷል። ርካሹ ትኬት ደግሞ ለዚያ ባቡር ብቻ የሚያገለግል ነው። አውሮፕላን ቢዘገይ ባቡሩ አይጠብቅም፣ ትኬቱም ይቃጠላል። ከአውሮፕላን ለሚወርድ ሰው ወይ ሰፊ ጊዜ ትቶ መግዛት፣ ወይ ጨመር አድርጎ በዕለቱ የትኛውንም ባቡር የሚያስይዘውን መግዛት ይሻላል።

ወደ ሻንጣው ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። አየር መንገዱ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ የተፈቀደልንን አንድ ግራም አናስቀርም! አየር ማረፊያ ተረክበው ይጭኑልናል፣ በጋሪ እንገፋለን። ባቡር ላይ መዛኝም የለም፣ ተሸካሚም የለም፣ ጋሪም በሩ ጋ ይቀራል። ደረጃውን የሚወጣው 46 ኪሎ ያው በራሳችን ወገብ ነው። እኔ ሁለቱን ሻንጣዎች ሰዎች አግዘውኝ አስገባሁ፤ አንዱ በሩ ጋ ካለው የዕቃ መደርደሪያ ገባ፣ ሁለተኛው ቦታ ስላጣ ፉርጎው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ለቦን የምወርደው ዚግቡርግ ላይ ነው፤ ባቡሩ እዚያ የሚቆመው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አንዱን አወረድኩ። ሁለተኛውን ላመጣ ልመለስ ስል ሰው እየገባ ነው፣ በሩም መጮህ ጀመረ። አንድ ተማሪ ነገር «ቦርሳ? ቦርሳ?» ብዬ በእጄ ሳሳየው ሮጦ ሄዶ አመጣልኝ፣ ከመድረኩ ላይ ሲያስቀምጠው በሩ ተዘጋ። የደም ግፊት መድኃኒቴ የ3 ወሩ ሙሉ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ለስንት ሰው የነገርኩትን ራሴ አላደረግኩም።

መድኃኒት ከእጅ ቦርሳ አይወጣም። ኢንሱሊን ደግሞ ለአውሮፕላን ሆድ ከሚገባ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም፣ ብርዱ ካቀዘቀዘው ይበላሻል። የሐኪም ማዘዣውንም አብሮ መያዝ ነው።

ቅቤውንም ልናገር፣ ቢያሳዝናችሁም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ቋንጣ፣ አይብ፣ ንጥር ቅቤ ጭምር። ትንሽ ናት ማለት አይሠራም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይታለፋል። እርጥብ ጤና አዳምና በሶብላም ያለ ምስክር ወረቀት አያልፉም። የእኔ ቅቤ እንደተቋጠረ እዚያው ቀርቷል፤ ለአራስ ልጄ ገንፎ በሱቅ ቅቤ ነው ያገነፋሁላት። ልጄ ልዩነቱ አልታወቃትም፣ እኔን ግን ቆጨኝ።

ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማት እናት ካለች ልጆቿ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለባቡሩ ድርጅት ካሳወቁ ሠራተኛ ጣቢያው ላይ ተቀብሎ ያሳፍራል፣ ያወርዳል። ይህ ልመና አይደለም፣ ሕግ ነው። ያልጠየቀ ግን አያገኘውም። እንደ ደቅ መርከብ ጮኸው የሚያስነሡት ሰው የለም ብዬ ግን አላስፈራራትም፤ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ማንም ዞር አይልም እንጂ በእጅ አሳይቶ ለጠየቀ ያነሡለታል። ሻንጣዬን ያመጣልኝ ልጅ ምስክሬ ነው።

ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ሻንጣዬን አውጥቼ ጤፍና ሽሮ ሞላሁት፣ በሚዛን 23 ኪሎ አደረስኩት። «በይ እስቲ የኛን ደረጃ ሦስት ጊዜ ውጪበት» አልኳት። አንዴ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ስንት ልቀንስ?» አለችኝ።

«እስክትወጪ ድረስ ነዋ።»

መጀመሪያ ጤፉን አወጣን፣ ከዚያ በርበሬውን በግማሽ። 15 ኪሎ ላይ ሲደርስ ሦስቴ ወጥታ ወረደች፣ ላብ አላላት። ቁጭ ብላ የወጣውን ዕቃ ስታየው ቆየችና «ሲስተርዬ፣ ሽሮው ግን ይመለስ» አለች።